ያረፈ እግር አይመሰክርም

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ 5 ሺህ እና 10 ሺህ ሜትር እሮጣለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ልምምድ በጀመርኩ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሁለቱም እግሮቼ ቅልጥም ከፊት በኩል ተወጥሮ ድርቅ ይላል። ጨክኜ ከቀጠልኩ የቀኝ እግሬ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ እግሬንም መቆጣጠር ያቅተኝና መሬቱን በጥፊ የምመታው ይመስል ጧ ጧ ይላል። ቆሜ ሩብ ሰዓት ያህል ካረፍኩ ምንም እንዳልነበረ ይለቀኛል። ራጅ ተነሥቼ አጥንትሽ ጤነኛ ነው ተብያለሁ። አሰልጣኜ ሰንፋለች ይላል። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ወስዳኝ በቅቤ ታሽቼ፣ በጨርቅም ጥብቅ ተደርጎ ታስሮልኝ ነበር፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። አሁን ደግሞ አንድ ሐኪም ኮምፓርትመንት ሲንድረም ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምና አድርጊ ብለውኛል። ከተቀደድኩ በኋላ እንደ ድሮዬ መሮጥ እችላለሁ? ለአሰልጣኜስ ምን ልበል? — ስሜ ይቆይ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ደቂቃውን መጻፍዎ ነው። ሕመሙ በታወቀ ሰዓት ይጀምራል፣ ሲያርፉ በታወቀ ሰዓት ይለቃል፣ በሁለቱም እግሮች ላይ ይታያል፣ ሲብስም ጣት ያደነዝዛል። የሯጮችን እግር የሚያይ ባለሙያ እነዚህን አራት ነገሮች በአንድነት ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሐኪሙ የነገሩዎትን ሕመም ስለሆነ፣ ጥርጣሬያቸው ትክክለኛ መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የማልስማማው ጥርጣሬው ሳይለካ ወደ ቀዶ ሕክምና ለመሄድ መታሰቡ ላይ ነው፤ ይህ ሕመም የሚለካ ሕመም ነውና።

ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻችን በአራት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ጡንቻውን፣ የደም ሥሩንና ነርቩን አንድ ላይ አድርጎ ፋሺያ በሚባል ጠንካራ ነጭ ሽፋን ተጠቅልሏል። ስንሮጥ ወደ ጡንቻው የሚገባው ደም ስለሚበዛ ጡንቻው በዕረፍት ጊዜ ከነበረው መጠን እስከ 20 በመቶ ድረስ ሊጨምር ይችላል፤ ፋሺያው ግን እንደ ቆዳ ስልቻ ከተወሰነ ልክ በላይ አይለጠጥም። አብዛኛው ሯጭ ይህ ሳይሰማው ዕድሜውን ሙሉ ይሮጣል። በአንዳንዱ ላይ ግን በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ይወጣና ደሙ እንደ ልብ መዘዋወር ያቅተዋል፤ ጡንቻው ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ነርቩም ይጨቆናል፤ ኮምፓርትመንት ሲንድረም የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚጠቃው ከፊት ያለው ክፍል ነው፤ እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ የሚገኘው እዚያው ስለሆነ፣ እርሱ ሲዝል የእግር ፊት ሳይገታ መሬት ላይ ይወርዳል። ጧ ጧ የሚለው ድምፅ ምንጩ ይኸው ነው።

የትኛው ቦታ እንደሚደነዝዝ በትክክል አልጻፉልኝም፤ በሚቀጥለው ልምምድ ግን ልብ ብለው ያስተውሉት። በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ያለችው ትንሽ ቦታ ብቻ ከሆነች የፊተኛው ክፍል ነርቭ መጨቆኑን ትጠቁማለች። የእግርዎ የላይኛው ገጽ በስፋት ከደነዘዘ በጎን በኩል ያለውን ክፍል፣ ውስጥ እግርዎ ከደነዘዘ ደግሞ ከባት ሥር ጠለቅ ብሎ ያለውን የኋላ ክፍል እንጠረጥራለን። ሌላም አለ፤ እንደ ቆሙ ወዲያውኑ ከአገዳው አጥንት ወደ ውጭ ያለውን ሥጋ በአውራ ጣትዎ ከላይ ወደ ታች እየጫኑ ይዳስሱ። በአንዳንድ ሯጮች ላይ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ የባቄላ ፍሬ የምታህል ለስላሳ እብጠት ትገኛለች፤ ጡንቻው በፋሺያው ክፍተት በኩል ብቅ ሲል የምትፈጠር ስትሆን፣ እግሩ ሲያርፍ ትጠፋለች። ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ቦታዋን በእስክሪብቶ ቢያከብቧት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያነሣሁት በሽታው ባረፈ እግር ላይ ስለማይታይ ነው። ራጅ አጥንትን እንጂ ፋሺያን አያሳይም፤ ስለዚህ ጤነኛ ነሽ መባልዎ ስለ ቅልጥምዎ ሥጋ ምንም አልተናገረም። በቀጠሮው ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሲጠብቁ የዋሉበት እግር በምርመራ አልጋው ላይ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ጉልበቱም ስሜቱም ሙሉ ነው። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት እንኳ የእግር ደም ሥር ትርታ በአብዛኛው ስለማይጠፋ፣ ትርታውን ዳስሶ ደህና ነው ያለ ባለሙያም አልተሳሳተም፣ ግን አልመለሰልዎትም። አሰልጣኝዎም ቢሆኑ የሚያዩት ያቋረጠች ሯጭ ከሩብ ሰዓት በኋላ እየሳቀች ስትራመድ ነው። በስንፍና ማቋረጥ ግን ሰዓት አይጠብቅም፤ ይህ ሕመም ይጠብቃል። በዝግታ ሲሮጡ ዘግይቶ፣ ፍጥነት ሲጨምሩ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ማስረጃው በእጅዎ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ይያዙ። የሮጡበትን መሬት፣ ፍጥነቱን፣ ውጥረቱ የጀመረበትን ደቂቃ፣ ድንዛዜው የመጣበትን ደቂቃና ሙሉ በሙሉ የለቀቀዎትን ደቂቃ ይጻፉ። የሳር ሜዳውን፣ ኮሮኮንቹንና አስፋልቱን ለየብቻ ያድርጉት። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርዱ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ አይገረሙ፤ ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ጡንቻ እግርን እየገታ ስለሚያወርድ ሥራው ይበዛበታል።

ማስታወሻው ሌሎች በሽታዎችን ለመለየትም ይረዳል። የአገዳው አጥንት የውስጥ ጠርዝ ረዘም ብሎ የሚያምና ሩጫ ሲጀመር ብሶ ሰውነት ሲሞቅ ቀለል የሚል ከሆነ፣ ሯጮች ሁሉ የሚያውቁት የቅልጥም ሕመም ነው፤ ድንዛዜ የለበትም። በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል አንድ ነጥብ ላይ የሚያምና ሌሊትም የማይተው ከሆነ ደግሞ የአጥንት መሰንጠቅ ያሰጋል፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ኤምአርአይ ይፈልጋል። ሴት ሯጭ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፦ የወር አበባዎ ከተዛባ ወይም ከቆመ፣ በተለይ ደግሞ በጾም ወራት ጠዋትና ማታ እየሮጡ በቂ ምግብ የማይበሉ ከሆነ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ፤ አጥንት የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነውና። ሕመሙ ባት ላይ ከሆነና እግር ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ፣ ከጉልበት በስተጀርባ የሚያልፈው ደም ቧንቧ በጡንቻ እየተጨቆነ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም እግርን ወደ ታች እያስገፉ በሚደረግ የዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል። በወጣት ሯጮች ላይ ይህ ከእርስዎ ሕመም ጋር ሊምታታ ስለሚችል፣ ሳይጣራ ፋሺያ ተቀዶ ሕመሙ ባለበት የቀረባቸው ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። ቆዳው ከደነዘዘ በኋላ ቀጭን መርፌ ወደ ክፍሉ ይገባና በውስጡ ያለው ግፊት እንደ ደም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይነበባል። በመጀመሪያ በዕረፍት ይለካል፤ ከዚያ ሕመሙ እስኪያስቆምዎ ድረስ ይሮጣሉ፤ እንደ ቆሙ በ1 ደቂቃና በ5 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ይለካል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ በዕረፍት 15 እና ከዚያ በላይ፣ ከሩጫ በኋላ በ1ኛው ደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ፣ በ5ኛው ደቂቃ ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ የሚል ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተገኘ በሽታው አለ ይባላል። ይህ ልክ በባለሙያዎች መካከል ክርክር አላጣም፤ ምንም ሕመም በሌለባቸው ሯጮችም ላይ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ በላይ የሆነ ግፊት ስለሚገኝ ቁጥሩ የሚተረጎመው ከማስታወሻዎ ጋር ተያይዞ ነው።

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ስልክ ደውለው ልኬቱ ከሩጫ በኋላ መደረግ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የእጅ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ባይኖር ግን በቀዶ ሕክምናና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የደም ቧንቧን ግፊት ለመከታተል የሚያገለግለው መሣሪያ ይህን ሊሠራ እንደሚችል የአጥንት ሐኪሞችና የማደንዘዣ ባለሙያዎች ያውቁታል። የመሮጫ ማሽን ከሌለ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ወይም በግቢው ዙሪያ መሮጥም ይበቃል። ዋናው ነገር በራስዎ ጫማ፣ በራስዎ ፍጥነት፣ ያው ሕመም እስኪመጣ መሮጥዎ ነው። ትንሽ ሮጠው ሕመሙ ሳይነሣ የተለካ ቁጥር ብር ከማስወጣት በስተቀር ጥቅም የለውም።

ከሁለቱ ሳምንት ማስታወሻ በኋላ፣ ልኬቱ እስኪገኝ ድረስ ምን ያድርጉ? ሕመሙ የሚጀምርበትን ደቂቃ አይለፉ። ውጥረቱ ሲጀምር ይቁሙ፤ ጽናት እዚህ ላይ አይረዳም። እርምጃዎን አሳጥረው በደቂቃ የሚረግጡትን ብዛት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ተረከዝ አስቀድመው የሚያርፉ ከሆነም ወደ መሐል እግር እንዲያመጡት አሰልጣኝ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይመልከትዎ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሕክምና ባለሙያዎች የታተመ አንድ ጥናት፣ ይህ ሕመም ያለባቸው 10 ሰዎች ለ6 ሳምንት በእግር ፊት ማረፍን ሠልጥነው የቅልጥማቸው ግፊት መቀነሱንና በአንድ ዓመት ክትትል ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው አለመገኘቱን አሳይቷል። አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ ይሁንና ስልቱ ርካሽና የማይቀድ ስለሆነ ሳይሞከር መታለፍ የለበትም እላለሁ። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። ጭነቱ ከፊት ተነሥቶ ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ስለሚሄድ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መደረግ አለበት፤ ሕመሙ የኋላው ክፍል ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። እንደ ብዙዎቹ የክለብ ሯጮቻችን ከልጅነትዎ ጀምሮ በመሐል እግር የሚያርፉ ከሆነም ከዚህ ብዙ አይጠብቁ። ጂም ውስጥ የሚሸጠውን የክሬቲን ዱቄት የሚወስዱ ከሆነ ያቁሙ፤ ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ የፊተኛውን ክፍል ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። ጡንቻን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌም በአንዳንድ አገሮች ይሞከራል፤ ነገር ግን ጉልበት ይቀንሳል፣ ውጤቱም ጊዜያዊ ስለሆነ ለተወዳዳሪ ሯጭ አልመክረውም።

ስለ ወጌሻው፦ እናትዎ ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ ያረፈን እግር ለስለስ ባለ እጅ ማሸትም ጉዳት የለውም። ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን በውስጡ ግፊት በዝቶበት ለሚሠቃይ እግር ከውጭ ሌላ ግፊት መጨመር ነው፤ ባሰብኝ ማለትዎ ትክክል ነው። ከዚህ ጋር የሚያያዝና ከእርስዎ ሕመም የሚለይ አንድ አደጋም ሳልናገር አላልፍም። ኮምፓርትመንት ሲንድረም ድንገተኛ የሆነ ሌላ መልክ አለው፤ አጥንት ሲሰበር፣ በኳስ ሜዳ ቅልጥም በኃይል ሲመታ፣ እግር በጄሶ ወይም በቀርከሃ ተጠብቆ ሲታሰር ይመጣል፤ አልፎ አልፎም ካልለመዱት ከባድ ሩጫ በኋላ። ያኔ ሕመሙ በዕረፍት አይለቅም፤ ይልቁንም በየሰዓቱ እየባሰ ይሄዳል። ማስታገሻ አይመልሰውም፤ ሌላ ሰው የእግር ጣቶችን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ ያስጮኻል። ጡንቻውና ነርቩ በሰዓታት ውስጥ መሞት ስለሚጀምሩ፣ ሐኪሞች ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉን መክፈት ይሻሉ። በአገራችን ጠብቆ በታሰረ ስብራት ምክንያት እግር ወይም እጅ እስከ መቆረጥ የደረሱ ሕፃናትን ሐኪሞቻችን በየጊዜው ያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ ወይም በጓደኛዎ ላይ ከተነሣ ማሰሪያውን ወዲያው ይፍቱ፤ እግሩን በልብ ትክክል ያሳርፉ እንጂ ከፍ አድርገው አይስቀሉት፤ እስኪነጋ ሳይጠብቁም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዎ ቀዶ ሕክምናው ነው። ልኬቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ የሩጫ ስልት ለውጡም ለሦስት ወር ያህል በትክክል ተሞክሮ ካልረዳ፣ እርስዎም መወዳደርዎን መተው የማይፈልጉ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ሥራው ፋሺያውን በርዝመቱ መክፈት ሲሆን፣ ጡንቻው ራሱ አይቆረጥም። የፊተኛውና የጎኑ ክፍል ሲከፈቱ ከአሥር ሰዎች ወደ ስምንቱ ጥሩ ውጤት እንደሚያገኙ ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ፤ ጠለቅ ብሎ ያለው የኋላ ክፍል ላይ ግን ውጤቱ ከዚህ በግልጽ ያነሰ ነው። በጠባሳ ምክንያት ፋሺያው እንደገና ገጥሞ ሕመሙ የተመለሰባቸውም አሉ። ደም መቋጠር፣ ቁስል ማመርቀዝና በእግሩ ጎን በታችኛው ክፍል ከፋሺያው የሚወጣው ነርቭ መነካት የታወቁ ጉዳቶች ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙን የትኛውን ክፍል እንደሚከፍቱና ያንን ነርቭ በዓይናቸው እያዩ ይሠሩ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ይህን ሥራ በስብራት ሕሙማን ላይ ብቻ ሳይሆን በሯጭ ላይ ሠርተው ያውቁ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ከዚያ በኋላ መሮጥ እችላለሁ ወይ ላሉት፣ አሜሪካዊቷ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ሜሪ ዴከር ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ገና በወጣትነቷ ቅልጥሟ አላስሮጥ ብሏት ሐኪም ከሐኪም ስትዞር የነበረች ሲሆን፣ መላውን የነገራት ሐኪም ሳይሆን በዚሁ ሕመም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የኒውዚላንዱ ሯጭ ዲክ ኳክስ ነበር። (ኳክስ እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ በ5 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘው ሰው ነው፤ አፍሪካውያን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ያደረገውን ጉዞ ተቃውመው ከውድድሩ በወጡበትና ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ በቀረበት ኦሊምፒክ መሆኑን የእኛ ሰው አይረሳውም።) ዴከር በሁለቱም እግሮቿ ተቀደደች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ሄልሲንኪ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና 1 ሺህ 500 እና 3 ሺህ ሜትርን አሸነፈች። የሁሉ ሰው ውጤት እንደ እርሷ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ እርሷ ራሷም በአንድ ጊዜ አልዳነችም። በሩን የሚዘጋ ሕክምና አለመሆኑን ግን ያሳያል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይራመዳሉ። ቁርጭምጭሚትን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ማንቀሳቀስ ጠባሳው እንዳይጣበቅ ስለሚረዳ በፍርሃት አይተኙ። ቁስሉ ሲደርቅ ብስክሌት፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ለስላሳ ሩጫ፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ውድድር ልምምድ መመለስ የተለመደ ነው። የውድድር ወቅቱን አይተው ቀኑን ይምረጡ፤ ለመቸኮል የሚያስገድድ ነገር የለም፣ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም በጥቂት ወራት ውስጥ እግርዎን አይወስደውምና።

ለአሰልጣኝዎ ሕመሙን በቃል ለማስረዳት ከመድከም አንድ ጠዋት ሜዳ ላይ ሰዓት ይዘው አብረውዎት እንዲቆሙ ይለምኗቸው። ውጥረቱ ሲመጣ ቆመው ቅልጥምዎን በእጃቸው እንዲጫኑ ያድርጉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና እንዲጫኑ። በእጃቸው የዳሰሱትን ስንፍና ብለው ሊጠሩት ይከብዳቸዋል። ከዚያ ማስታወሻውን ያሳዩአቸውና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አንደኛ፣ ልኬቱ እስኪደረግ ድረስ ከቡድኑ ፍጥነት ተለይተው በራስዎ ደቂቃ እንዲሠሩ፤ ሁለተኛ፣ የልኬቱን ወጪ ክለቡ እንዲሸፍን በጽሑፍ እንዲደግፉዎት። እምቢ ካሉ ከሐኪሙ የተሰጠዎትን ወረቀት ከማስታወሻዎ ጋር አያይዘው ለክለቡ የጤና ባለሙያ ያስገቡና ቅጂውን እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ። ጉንፋን ይዞኛል እያሉ ልምምድ መቅረቱን ግን ይተዉት፤ ኋላ እውነተኛውን ምክንያት ሲናገሩ የሚያምንዎት ያጣሉ።